አራት የስልክ ሶኬት፣ አንድ ሞደም፦ 4 ሜጋው የት ቀረ?

ጥያቄ፦ «ቤቴ ጅማ፣ ኮቺ አካባቢ ነው። ባለ 4 ሜጋ ብሮድባንድ አለኝ፤ ስለካው ግን 1.4 ሜጋ አያልፍም። የስልኩ መስመር ከምሰሶው መጥቶ ሳሎን ይገባል። ከሳሎን በኮርኒስ ውስጥ ወደ መኝታ ቤት፣ በውጭ ግድግዳ ወደ ሰርቪስ ቤት፣ አንዱ ደግሞ ፊት ለፊት ወዳለው ሱቅ ተቀጥሏል። አሁን ስልክ ያለው ሳሎንና ሱቅ ብቻ ነው፤ ሞደሙ መኝታ ቤት ነው፣ ስፕሊተሩም (የስልኩን ድምፅና ኢንተርኔቱን የሚለየው ትንሽ ሳጥን) እዚያው። ሱቅ ስልኩ ሲነሳ ኢንተርኔቱ ይቆረጣል፤ ዝናብ ሲጥልማ ጭራሽ አይሆንም። የሞደሙ ገጽ ላይ ዳውንስትሪም 1728 ኪሎቢት፣ ኤስኤንአር ማርጂን 5.5 ዲቢ፣ አቴንዌሽን 31 ዲቢ ይላል። አዲስ ሞደም ልግዛ ወይስ ቴሌ ልጥራ?»

ምላሽ፦

ሁለቱንም ለጊዜው ያቆዩት። የጻፏቸው ሦስት ቁጥሮችና ሁለት ምልክቶች የሚያመለክቱት ወደ ቤትዎ የውስጥ ሽቦ ነው። ይህን ለማረጋገጥ አንድ ካቻቢቴና ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ከቁጥሮቹ እንነሳ። አቴንዌሽን የኢንተርኔቱ ምልክት (ሲግናል) በመንገድ ላይ የደከመበት መጠን ነው፤ የሚለካውም በዲቢ (ዲሲቤል) ነው። 0.4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ የስልክ ሽቦ በየኪሎሜትሩ 14 ዲቢ ገደማ ያዳክማል፤ ስለዚህ 31 ዲቢ ማለት ከ2 ኪሎሜትር ትንሽ የሚበልጥ ሽቦ ማለት ነው። ይህ ገመዱ በየምሰሶው እየዞረ የሄደበት ርዝመት እንጂ በእግር የሚሄዱበት ርቀት አይደለም። በዚህ ርዝመት ንጹሕ መስመር ቢሆን ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ (በስልክ ሽቦ የሚመጣው ብሮድባንድ፣ ኤዲኤስኤል፣ የተሻሻለው ዓይነት) 10 ሜጋና ከዚያ በላይ ይሸከማል፤ የመጀመሪያው ኤዲኤስኤል እንኳ 4 ሜጋን ሳይቸገር ያደርሳል። አቴንዌሽንዎ 60 ቢሆን ኖሮ ነገሩ ርቀት ነው፣ ካቻቢቴም አይፈታውም ብዬ እዚህ ላይ አበቃ ነበር።

ኤስኤንአር ማርጂን ደግሞ ምልክቱ በመስመሩ ላይ ካለው የኤሌክትሪክ ጫጫታ በላይ የቀረው ትርፍ ነው። ሞደም ከቴሌ ማዕከል ጋር ሲገናኝ አብዛኛውን ጊዜ 6 ዲቢ ያህል ለመጠባበቂያ ትቶ የተረፈውን ሁሉ ወደ ፍጥነት ይለውጠዋል። የእርስዎ ዳውንስትሪም (የማውረጃው ፍጥነት) 1728 ላይ ቆሞ ትርፉ 5.5 ብቻ ከሆነ፣ መስመሩ ያለውን አቅም አሟጦ ሰጥቷል ማለት ነው። ይኸው 1728 ከ20 ዲቢ ትርፍ ጋር ቢታይ ኖሮ መስመሩ ደህና ነው፣ ፍጥነቱን የገደበው በቴሌ በኩል የተሞላው ጥቅል ነው እንል ነበር። በሉ፣ ይህን ልዩነት ይያዙት፤ ብዙ ሰው ገመድ ሲቀይር የሚከርመው ጥቅሉ በስህተት ተሞልቶ ነው።

በ1728ና በ1.4 መካከል ያለው ልዩነት አያሳስብዎት። ዳታው የሚጓዝበት ማሸጊያ ከመቶ 15 ገደማ ስለሚወስድ ነው። ሙሉ 4 ሜጋ ቢገባልዎም በኬብል ሲለኩ የሚያዩት 3.4 ወይም 3.5 ነው፤ ፋይል ሲያወርዱ ደግሞ በሰከንድ 420 ኪሎባይት አካባቢ። ዋይፋይ ላይ መለካት ግን ይቅርብዎ፤ ሌላ ችግር ከዚህኛው ጋር ይቀላቀልብዎታል።

አሁን ወደ ሽቦው። የቤት ስልክ መስመርን ብዙ ጊዜ የሚዘረጋው መብራቱን የዘረጋው ሰው ነው፤ በለመደው እጅም ይሠራዋል። ለመብራት ከአንድ ስካቶላ ወደ አራት አቅጣጫ መቀጠል ምንም አይደለም። ለድምፅም ምንም አይደለም፤ ድምፅ የሚጓዘው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ባለው ጠባብ ክልል ስለሆነ 20 ሜትር ትርፍ ሽቦ ቢንጠለጠልበት አይሰማውም። ኢንተርኔቱ ግን በዚያው ጥንድ ሽቦ ከ138 ኪሎኸርዝ እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ፣ በሁለት ፕላሱ ደግሞ እስከ 2.2 ሜጋኸርዝ ድረስ ነው የሚወርደው። በዚህ ከፍታ፣ ጫፉ ክፍት የሆነ ቅርንጫፍ ውስጥ የገባ ምልክት መጨረሻው ላይ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። ሲመለስ ከዋናው ጋር ይጋጫል። የቅርንጫፉ ርዝመት የሞገዱ ሩብ በሚሆንበት ድግግሞሽ ላይ ደግሞ ጨርሶ ያጠፋዋል፦ 50 ሜትር ክፍት ሽቦ 1 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ 25 ሜትር ደግሞ 2 ሜጋኸርዝ አካባቢ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጉድጓዱ ጠባብ አይደለም፤ ግራና ቀኙን ይዞ ይወርዳል።

ሰርቪስ ቤት ያለው፣ ማንም ስልክ የማይሰካበት ሶኬትዎ እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ ነው። «ባዶ ነው፣ ምን ይጎዳል» የሚባልለት ሶኬትም ይጎዳል።

ጉዳቱ በቁጥር ምን ያህል ነው ቢሉ፦ ኤዲኤስኤል መስመሩን 4.3125 ኪሎኸርዝ ስፋት ወዳላቸው ትንንሽ መንገዶች ይከፋፍለዋል፤ በየመንገዱ በሰከንድ 4000 ጊዜ ይልካል። በየመንገዱ አንድ ተጨማሪ ቢት ለመጫን 3 ዲቢ ያህል ትርፍ ይጠይቃል። እንግዲህ 200 መንገዶች የሚሠሩ ከሆነ፣ 3 ዲቢ ጫጫታ ማስወገድ 800 ኪሎቢት ፍጥነት ያስገኛል። ከተበላሸ ቅጥያና ከተንጠለጠለ ሽቦ 9 ወይም 10 ዲቢ ማግኘት ብርቅ አይደለም።

ሱቅ ስልክ ሲነሳ የሚቆረጠው በሌላ ምክንያት ነው። ስፕሊተሩ መኝታ ቤት፣ ከሞደሙ አጠገብ ስለተቀመጠ የሚከላከለው ራሱ ላይ ከተሰካ ስልክ ብቻ ነው። የሳሎኑና የሱቁ ስልክ ያለ ምንም ማጣሪያ ጥሬው መስመር ላይ ናቸው። እጀታው ሲነሳ የስልኩ ውስጠኛ ዑደት መስመሩ ላይ ይጫናል፣ ሞደሙም ግንኙነቱን ይጥላል። ስፕሊተር ቦታው የመስመሩ ጫፍ ሳይሆን መግቢያው ነው። ሱቁ ውስጥ በስልክ መስመር የሚሠራ ፋክስ ወይም ፖስ ማሽን ካለ እሱም እንደ ስልክ ይቆጠራል፣ ማጣሪያ ይፈልጋል።

ወደ ሙከራው እንግባ። ነጎድጓድ በሌለበት ሰዓት ያድርጉት፤ በክረምት ጅማ ላይ ጠዋት ይሻላል። መስመሩ ላይ በዝምታ ጊዜ 48 ቮልት ያህል ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አለ፤ ያ ብዙም አይሰማም። ሰው ሲደውል ግን ከ75 እስከ 90 ቮልት የሚደርስ የጥሪ ኤሌክትሪክ ይመጣል፤ እጅዎ ባዶው መዳብ ላይ ካለ ያስደነግጥዎታል። ስለዚህ ባዶውን መዳብ በሁለት እጅ አይያዙ፣ እርጥብ ወለል ላይም አይቁሙ።

ሳሎን ያለውን፣ ከውጭ የሚመጣው ገመድ የሚያርፍበትን ሶኬት ይፍቱ። መጀመሪያ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ውስጡ አራት ጥንድ ያገኛሉ፦ አንዱ ገቢ፣ ሦስቱ ወጪ። ሁሉንም ከብሎኑ ያላቅቁና ጥንድ ጥንዱን በወረቀት ፕላስተር ምልክት ያድርጉ። ገቢው የቱ እንደሆነ ቴስተር ካለዎት በቀላሉ ያገኙታል፤ 48 ቮልት የሚያሳየው እሱ ነው። ከሌለዎት በየጥንዱ ተራ በተራ ስልክ ያገናኙ፤ ድምፅ የሚሰጠው ገቢው ነው። እሱን ብቻ ወደ ሶኬቱ ይመልሱ። አብዛኞቹ ባለ አራት ብሎን ትንንሽ ሳጥኖች ውስጥ መስመሩ የሚያርፈው ቀይና አረንጓዴው ላይ ነው፤ ቢጫና ጥቁሩ ባዶ ይቀራሉ። የትኛው ሽቦ ቀዩ ላይ፣ የትኛው አረንጓዴው ላይ ቢያርፍ ለኢንተርኔቱ ልዩነት የለውም።

ከዚያ ሞደሙን ከመኝታ ቤት አምጥተው በአጭር ገመድ ቀጥታ ይሰኩት። ስፕሊተር የለም፣ ስልክ የለም፣ ሌላ ምንም የለም። 15 ደቂቃ ይተዉትና ሦስቱን ቁጥሮች እንደገና ያንብቡ።

ፍጥነቱ ወደ 4 ሜጋ ከወጣና ማርጂኑ ከጨመረ ጥፋቱ ቤት ውስጥ ነበር። ምንም ካልተለወጠ፣ የሞደሙን የስልክ ገመድ ቀይረው ይሞክሩ፤ ቀጥሎ ከጎረቤት ሌላ የኤዲኤስኤል ሞደም ይዋሱ። የይለፍ ቃሉን ማስገባት አይጠበቅብዎትም፤ የመስመሩ ግንኙነትና እነዚህ ቁጥሮች የሚመጡት ከይለፍ ቃሉ በፊት ነው። በሁለት ሞደምም ያው ከሆነ ችግሩ ከግድግዳው ወዲያ ነው።

በእርስዎ ሁኔታ ግን ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። ስለዚህ ወደ ጥገናው ልለፍ።

ቀላሉና የምመርጠው መንገድ ሞደሙ ሳሎን፣ መግቢያው አጠገብ እንዲቀመጥ ነው። ገቢውን ጥንድ ስፕሊተሩ ላይ «ላይን» ከሚለው ጋር ያገናኙ። ሞደሙ «ኤዲኤስኤል» ወይም «ሞደም» ከሚለው ቀዳዳ ይሰካል። የሳሎኑ ስልክና ወደ ሱቅ የሚሄደው ጥንድ ሁለቱም «ፎን» ከሚለው ወገን ይወጣሉ። ይቺን አንዷን ቦታ ማስተካከል ብቻ የሱቁን ችግር ይፈታዋል። ወደ ሱቅ የሚሄደው ሽቦ አሮጌና ጠፍጣፋ ቢሆንም መንካት አያስፈልግዎትም፤ ስፕሊተሩ ከፍተኛውን ድግግሞሽ ወደዚያ አያሳልፍም፣ ማሚቶውም ይቀራል። የሰርቪስ ቤቱና የመኝታ ቤቱ ጥንድ ግን ከምንም ጋር አይገናኙ። ጫፋቸውን ለየብቻ በፕላስተር ሸፍነው ሳጥኑ ውስጥ ይተዉአቸው።

መኝታ ቤት ኢንተርኔት ያስፈልገኛል ካሉ፣ ከሞደሙ የኔትወርክ ኬብል ይሳቡ። ይህ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነት አይቀንስም፤ ቀጭን የስልክ ሽቦ ግን በ15 ሜትርም ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ካት 5ኢ ይበቃል። ሲገዙ አንዱን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ይፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ላይ የተቀባ መዳብ ነው፣ ይመልሱት። ጫፎቹን ሲያስሩ በሁለቱም በኩል ቅደም ተከተሉ አንድ ይሁን፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ጫፉን ለማሰር መጫኛ መሣሪያ ስለሚጠይቅ ኮምፒውተር መሸጫ ቤት ለክተው ቢያሳስሩት ይቀልዎታል።

ሞደሙ የግድ መኝታ ቤት መቀመጥ ካለበት፣ ስፕሊተሩ ሳሎን ይቆይና ከ«ኤዲኤስኤል» ወገኑ አንድ ለብቻው የሆነ ጥምዝ ጥንድ ወደ መኝታ ቤት ይሂድ፤ መንገድ ላይ ቅጥያ የለውም፣ ቅርንጫፍ የለውም። ከካት 5ኢ ኬብሉ አንዱን ጥንድ መጠቀም ይቻላል፤ ለምሳሌ ሰማያዊውንና ነጭ ሰማያዊውን። እዚህ ላይ የሚሠራ አንድ ረቂቅ ስህተት አለ፦ አንዱን ሽቦ ከሰማያዊው ጥንድ፣ ሌላውን ከብርቱካናማው ጥንድ መውሰድ። ስልኩ ይጮኻል፣ ቴስተሩም ደህና ነው ይላል። ሁለቱ ሽቦዎች ግን አብረው ስላልተጠማዘዙ ጫጫታን የመሻር ኃይላቸው የለም። የጠፍጣፋው ነጭ ገመድ ችግርም ይኸው ነው፤ ጎን ለጎን የሄዱ ሁለት ሽቦዎች አንቴና ናቸው። የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ የዲሽ ሪሲቨር አዳፕተር፣ ሁሉም የሚለቁትን ይለቅማሉ። የሳቡት ኬብል ከመብራት ሽቦ 20 ወይም 30 ሳንቲሜትር ይራቅ፤ መሻገር ካለበት በመስቀልኛ ይሻገር። ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ወይም በአንድ ስካቶላ ውስጥ በፍጹም አያስገቡት፤ ያ የፍጥነት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ አንድ ስፕሊተር (ያለዎት ደህና ከሆነ እሱው)፣ አንድ ባለ ብሎን የስልክ ሶኬት፣ 20 ሜትር ካት 5ኢ፣ አራት የኔትወርክ ኬብል ጫፍ (ሁለቱ ለመጠባበቂያ)፣ ውስጣቸው ጄል ያለባቸው ስድስት ትንንሽ የስልክ ሽቦ ማገናኛዎች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። በየስልኩ ላይ የሚሰካው ትንሽ ማጣሪያም ይሠራል፤ ነገር ግን ሦስት አራት ሲሆኑ እነሱም መስመሩን ይጫኑታል፣ አንዱ ሳይሰካ ከቀረ ደግሞ ሁሉም ከንቱ ነው። መግቢያ ላይ ያለ አንድ ስፕሊተር ይበልጣል።

ስለ ማገናኛዎቹ ትንሽ ልቆይ፤ የዝናቡ ነገር ያለው እዚህ ነው። የቆየ ቤት ኮርኒስ ከፍተው ቢያዩ የተለመደው ቅጥያ እንዲህ ነው፦ ሁለት የመዳብ ጫፍ በእጅ ተጠምዝዞ ጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎበታል። ፕላስተሩ ሙጫውን ለቆ ተንሸራቷል፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፣ ሲነኩት ዱቄት ይረግፋል። እርጥበት ሲገባ መስመሩ ላይ ያለው 48 ቮልት መዳቡን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ጅማን በሚያህል ዝናባማ ከተማ ይህ ለመድረስ ብዙ ዓመት አይፈጅም። እንዲህ ያለ ቅጥያ አንድ አስቂኝ ጠባይ አለው፦ አንዳንዴ ስልኩ ሲጮኽ ወይም ሲነሳ ኢንተርኔቱ ለጥቂት ጊዜ ይሻሻላል፤ ያለፈው ኤሌክትሪክ ዝገቱን ለአፍታ ይሰብረዋልና። ይህን ካዩ ሌላ ምርመራ አያስፈልግዎትም፣ ዝገት ነው።

የሚቀጥል ነገር ካለ ጄል ባለው ማገናኛ ይቀጥሉት። ሽቦውን ሳይልጡ እስከ ጥግ ያስገባሉ፣ በፒንሳ ይጫኑታል፣ በቃ። ሲልጡ በጥርስ ወይም በምላጭ የተሸረፈ ነጠላ መዳብ፣ ዛሬ ባይሆን ሲታጠፍ ይበጠሳል። ሶኬቱ ውስጥ ደግሞ ሁለት ነገር ይዩ፦ ብሎኑ የያዘው መዳቡን ነው ወይስ ላስቲኩን? ከአንድ ብሎን ሥር ወፍራምና ቀጭን ሽቦ አንድ ላይ ገብተዋል? ከገቡ ቀጭኑ ላልቶ ነው የሚገኘው።

ቴስተር ካለዎት ለማቆየት ያሰቡትን የሱቅ ሽቦ ይፈትሹት። ከመስመሩ ጨርሶ ከተላቀቀና ስልኩ ከተነቀለ በኋላ፣ በትልቁ የኦም መለኪያ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ምንም ማሳየት የለበትም። ጥቂት መቶ ኪሎኦም ካሳየ ውኃ ወይም አይጥ የነካው ቦታ አለ። ቀጥሎ ሱቅ በኩል ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ያስነኩና ሳሎን ሆነው ይለኩ፤ 30 ሜትር የ0.5 ሚሊሜትር ሽቦ 5 ኦም ገደማ፣ የ0.4 ሚሊሜትር ደግሞ ከ8 እስከ 9 ኦም ነው የሚሰጠው። 40 ኦም ካነበቡ መሐል ላይ የላላ ቅጥያ አለ።

ከምሰሶው የሚመጣው ገመድ ወደ ግድግዳው ከመግባቱ በፊት ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ታጥፎ መውጣት አለበት፤ ውኃው ከታችኛው እጥፋት ይንጠባጠባል። ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች የሚገባ ከሆነ ዝናቡን ሶኬትዎ ድረስ ይመራዋል። ውጭው ላይ ማድረግ የሚችሉት ይህን ያህል ነው። ምሰሶው ላይ ያለውን ሳጥን አይክፈቱ፤ የእርስዎ አይደለም፣ የጎረቤትንም መስመር ሊያቋርጡ ይችላሉ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ዝናብ የጣለ ዕለት አንድ ፈተና ቀርቷል። ሞደሙን፣ ስልኮቹንና ወደ ሱቅ የሚሄደውን ጥንድ ሁሉ ነቅለው፣ መግቢያው ላይ አንድ ባለ ገመድ ስልክ ብቻ ይሰኩ፤ አንድ ቁጥር ይጫኑና ድምፁ ሲቆም ያዳምጡ። ጸጥ ያለ መሆን አለበት። የሚንጫጫ፣ እንደ ጥብስ የሚንተከተክ ድምፅ ካለ የረጠበው ቅጥያ ከቤት ውጭ ነው፤ ወደ ቴሌ፣ 994 የሚደውሉት ያኔ ነው። ሲደውሉ «ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» አይበሉ፤ «ከመግቢያው ላይ ሌላ ሽቦ ሁሉ ነቅዬ፣ ዝናብ ሲጥል የስልኩ ድምፅ ይንጫጫል፤ በደረቅ ቀን ማርጂኑ ይህን ያህል፣ በዝናብ ይህን ያህል ነው» ብለው ቁጥሩን ይንገሯቸው። የስልክ ድምፅ ብልሽት ሆኖ ሲመዘገብ የኬብል ሠራተኛ ነው የሚመጣው። ሠፈርዎ ፋይበር ከገባ ደግሞ ይህን ሁሉ ሽቦ ከማደስዎ በፊት እሱን ይጠይቁ፤ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት የሳቡት የኔትወርክ ኬብል ለፋይበሩም ያገለግላልና አይባክንም።